በቤት ውስጥ ለማስታመም የሚረዱ ዕቃዎች፦ ከማኅበራችን ዕቃ ቤት የተማርነው

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በበሽተኛ ጠያቂ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



 

የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ኮሚቴያችን ሥራ እንድንናገር 20 ደቂቃ ሰጥተውናል። ስንት ቤት እንደጠየቅን ብንዘረዝር ጊዜው አይበቃም፤ ደግሞም በሽተኛ የጠየቀ ሰው ደጃፍ አይቆጥርም። ስለዚህ ስለ አንዲት ክፍል ብቻ እንናገራለን። ከጽሕፈት ቤታችን ጀርባ ያለችው፣ ቀድሞ ድንኳንና የድግስ ድስት የሚቀመጥባት፣ ዛሬ ግን ተሽከርካሪ ወንበር፣ ምርኩዝ፣ የአየር ፍራሽና ፖፖ የሞላባት ክፍል ናት። ልጆቻችን «ሆስፒታሉ» ይሏታል።

ይህች ክፍል የተጀመረችው በጥፋታችን ነው፤ አንደብቀውም። ከዓመታት በፊት ልጇን ልትጠይቅ ከአገር ቤት ናይሮቢ የመጣች አንዲት እናታችን ስትሮክ መታት። ከሆስፒታል ወጥታ ልጇ ቤት ስትተኛ እኛም የምናውቀውን አደረግን። ተራ ገባን፤ ብርቱካንና ሙዝ ተሸከምን፤ ሾርባ ሠራን፤ ቡና አፈላን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ክፍል ከሰው ተለይቶ አያውቅም። በአራተኛው ሳምንት ቁስል የምታጥብ ነርስ መጥታ እናታችንን ወደ ጎን ስታዞራት፣ ከወገቧ በታች፣ ከመቀመጫዋ በላይ፣ እጅ የሚያስገባ ቁስል አየን። ሃያ ሰው በተቀመጠበት ክፍል የሚያገላብጣት አንድ ሰው አልነበረም። ልጇ ብቻዋን መገልበጥ አልቻለችም፤ እኛን «እርዱኝ» ለማለት ደግሞ አፈረች። እንግዳ እንዴት የእናቷን ገላ ይይ?

ቁስሉ ለመድረቅ ወራት ፈጀ። ልጅቱም ሥራዋን ለቀቀች። እናታችን አንደበቷ ሲመለስላት፣ አንድ ቀን ብርቱካን ይዘን ብንገባ፣ «ብርቱካኑን ለልጆቹ ስጡና እኔን ገልብጡኝ» አለችን። እስከ ዛሬ ድረስ በኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ ወሬ ሲበዛ «ገልብጡኝ» እንባባላለን።

እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። የአልጋ ቁስል ከቆሻሻ የሚመጣ አይደለም፤ ቤታቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች ሲያፍሩበት አይተናል። አጥንት ከላይ፣ ፍራሽ ከታች ሆነው መሐል ያለውን ሥጋ ሲጫኑት ደም መተላለፍ ያቅተዋል፤ ደም ያላገኘ ሥጋም ይሞታል። ለዚህ ሳምንት አያስፈልግም፤ ሰዓታት ይበቃሉ። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የጀርባ አጥንት መጨረሻ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የራስ ቅል ከኋላ። መጽሐፎቹ «ቆዳው ሲቀላ ተጠንቀቁ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅ መዳሰስ ነው። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ፣ ያበጠ ወይም ይበልጥ የጠቆረና ወደ ወይን ጠጅ የሄደ ቦታ ካገኛችሁ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሕመምተኛው ከእንግዲህ አይተኛም። እናቶቻችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ቦታ በቅቤ ወይም በቫዝሊን ማሸት ይወዳሉ። አይታሽም፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ የጎማ መቀመጫም ዙሪያውን ያለውን ደም ስለሚያፍን አንመክረውም፤ ሁለት ተሰጥተውን አስቀምጠናቸዋል፣ አናውስም።

በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው ዋናው። ሙሉ በሙሉ በጎን አጥንት ላይ ማስተኛት ሳይሆን ከጀርባ ትራስ ደግፎ ጋደም ማድረግ። ከባት ሥር ሌላ ትራስ ይገባና ተረከዙ አየር ላይ ይሆናል። ለማገላበጥ የሚረዳው ዕቃ ደግሞ በሁላችንም ቤት አለ፤ አንድ ጠንካራ የጥጥ አንሶላ። ለሁለት አጥፋችሁ ከትከሻ እስከ ጭን ድረስ ከሕመምተኛው ሥር አንጥፉት። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ጠርዙን ጠቅለል አድርገው ይዘው «አንድ፣ ሁለት» ብለው ያነሣሉ። ብብት ይዞ መጎተት ቆዳን ይልጣል፤ ሽባ የሆነ ትከሻንም ያወልቃል። ጋቢም ይሆናል፤ ግን ሲጨማደድ ራሱ ቁስል ያመጣል። ጊኮምባ ገበያ የሚሸጡት ያገለገሉ የጥጥ አንሶላዎች ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይሻላሉ፤ ብዙ ታጥበው ለስልሰዋል።

የአየር ፍራሽ የሚሉት በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው፤ ትንሽ ሞተር አየሩን በየተራ እየሞላና እያጎደለ የሚጫነውን ቦታ ይቀያይራል። በጣም ጠቃሚ ነው፤ ግን ማገላበጥን አያስቀርም። ከላዩ አንድ አንሶላ ብቻ ይነጠፋል። ብርድ ልብስ፣ በላዩ ፕላስቲክ፣ በላዩ ደግሞ ፎጣ የደረበ ቤት አይተናል፤ ያ ሁሉ ሲደረብ ፍራሹ ሥራውን አይሠራም። መብራት ሲጠፋ አየሩ ሊወርድ ስለሚችል ከሥሩ የተለመደውን ፍራሽ አታንሡት።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሣን አንድ ቃጠሎ እንናገር። አንድ ወንድማችን አሜሪካ ያለች እህቱ በሻንጣ የላከችለትን የአየር ፍራሽ ሞተር በደስታ ከፍቶ ሰካው። ጭስ ወጣ፤ በዚያው አበቃ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኬንያ 240፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220። ዕቃው ጀርባ ላይ ወይም ሶኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት ቅርጽ መቀየሪያ ይበቃዋል። «110» ወይም «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚህ በቀጥታ አይሰካም። ለአሜሪካ ዘመዶቻችን የምንለው አጭር ነው፦ በመብራት የማይሠራውን ላኩ፤ በመብራት የሚሠራውን እኛ እዚሁ እንገዛለን። ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱም የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ፣ የእኛ አገሩ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ሰው በአደባባይ የማይናገረውን እንናገር። ሽንትና ሰገራ። ብዙ ቤት ውስጥ በሽተኛው ውሃ መጠጣት የሚተወው ልጁን ላለማስቸገር ነው። አንድ አባታችን፣ የተከበሩ ሰው፣ ልጃቸው ፓምፐርስ ይዛ ስትገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሁለት ቀን አልበሉም። ያስታረቃቸው ባልዲ ያለው ወንበር ነው። መቀመጫው ክፍት ሆኖ ከሥሩ ባልዲ የሚገባበት፣ ክንዶቹ ጠንካራ የሆኑ ወንበር አልጋቸው አጠገብ ቆመ፤ ደግፋ ታስቀምጣቸውና በሩን ዘግታ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ፓምፐርሱን ለሌሊት ብቻ ተቀበሉት። ዕቃው የመለሰላቸው ክብራቸውን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ወንበሩን አናጢ ወይም ብረት ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል፤ ግን እባካችሁ የፕላስቲክ ወንበር ቀዳችሁ አትጠቀሙ። ከተቀደደ በኋላ እግሩ ይከፈትና ሰው ይዞ ይወድቃል።

የአዋቂ ፓምፐርስ ስትገዙ ወገብና ዳሌ ለኩ፤ ትልቅ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፣ በጎን ያፈሳል። በየጊዜው እያያችሁ ሲረጥብ ወዲያው ቀይሩ፤ «ገና አልሞላም» ተብሎ አይቆይም። በለብታ ውሃ፣ በተለይ ለሴቶች ከፊት ወደ ኋላ፣ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ፤ ከዚያ ዚንክ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጎ። ቅባቱ ሲወፍር ፓምፐርሱ ሽንት አይመጥም። ጓንት አድርጎ ማጠብ በሽተኛውን መጸየፍ አይደለም፤ ለሁለታችሁም ጤና ነው። ይህንን ለወላጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያልተነገረው ጓንት ልብ ይሰብራል።

ምርኩዝን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። የደከመው እግር ቀኝ ከሆነ ምርኩዙ በግራ እጅ ነው፤ ቁመቱ ሰው ቆሞ እጁን ሲያወርድ እስከ አንጓው ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ሲያልቅ ይቀየራል። የአባቶቻችን ከዘራ ለወግ እንጂ ለእርጥብ ሴራሚክ ወለል አልተሠራም።

ተሽከርካሪ ወንበር ከመውሰዳችሁ በፊት የቤታችሁን በር ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወንበር ከጎማ እስከ ጎማ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የናይሮቢ አፓርታማዎች የመታጠቢያ ቤት በር ደግሞ ጠባብ ነው። ወንበሩ ሳሎን ደርሶ ሽንት ቤት የማይገባበት ቤት ስንት ጊዜ ዕቃ ተሸክመን ተመለስን! መቀመጫው ከሰውየው ዳሌ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፤ በጣም ሲሰፋ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ሲያስቀምጡም ሲያነሡም ፍሬኑ ተይዞ፣ የእግር ማሳረፊያው ተነሥቶ፣ ወንበሩ በበሽተኛው ጠንካራ ጎን ቆሞ ነው። ለልኩ የተሠራ ወንበር ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የኬንያ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር በራሱ ወርክሾፕ ወንበር ይሠራል። ከውጭ ከመጣ ወንበር ይልቅ እዚህ የተሠራውን መጠገን ይቀላል።

ወደ መለኪያ ዕቃዎች እንለፍ፤ እዚህ ላይ እኛ ስደተኞች ብቻ የምንሠራው ስህተት አለ። የኬንያ ሐኪም የደም ስኳርን የሚናገረው በሚሊሞል ነው፤ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ሐኪም በሚሊግራም። አንድ ምሽት አንድ ልጅ አዲስ አበባ ለምትኖር እኅቱ ደውሎ «የእማዬ ስኳር 15 ሆነ» አላት። እኅቱ በአገር ቤቱ ቁጥር አስባ «15? ልትሞት ነው፣ ስኳር በጥብጣችሁ አጠጧት!» ብላ ጮኸች። የናይሮቢው 15 በ18 ሲባዛ 270 ነው፤ ማለትም ስኳሩ ወርዶ ሳይሆን ወጥቶ ነበር። ብርጭቆው ተበጥብጦ ከአፏ ሲደርስ ጎረቤት ደረሰ። ስለዚህ ከዕቃ ቤታችን የሚወጣ መለኪያ ሁሉ ጀርባው ላይ «በ18 አባዛ» የሚል ወረቀት ለጥፈንበታል። ከ4 ሚሊሞል፣ ማለትም ከ70 ሚሊግራም ገደማ በታች ከሆነና ሰውየው የሚውጥ ከሆነ ስኳር ይሰጠዋል፤ የሚያቃዠው ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይገባም፣ ወደ ሐኪም ነው። የመለኪያው ወረቀት የዚያው መለኪያ መሆኑንና ቀኑ አለማለፉን ተመልከቱ።

የደም ግፊት መለኪያ ክንድ ላይ የሚታሰረው ከእጅ አንጓው ይሻላል። ሰው አምስት ደቂቃ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ክንዱ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ፣ ከእንግዳ ጋር እየተሳቀ የተለካ ግፊት ለሐኪም አይነገርም።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አብዛኞቻችን ያወቅነው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ነው። የጥፍር ቀለም፣ ሂናና የቀዘቀዘ እጅ ያሳስቱታል። በጥቁር ቆዳ ላይም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ተረጋግጧል። ቁጥሩ ደህና ብሎ ሰውየው እየቃተተ ከሆነ ሰውየውን እመኑ።

የኦክስጅን መሣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ የቡናው ከሰል፣ እጣኑ፣ ጧፉና ሻማው ከዚያ ክፍል ይወጣል። ይህንን ስንናገር አንዳንድ እናቶች ቅር ይላቸዋል፤ ያለ እጣን ጸሎት እንዴት ይሆናል ይላሉ። ጸሎቱ ይሁን፣ እሳቱ በሌላ ክፍል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ነገር ግን በቅጽበት ያጋያል። አፍንጫ የደረቀበትም ቫዝሊን አይቀባም፤ በውሃ የተሠራ ቅባት ነው የሚሆነው።

አመጋገብ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከስትሮክ በኋላ ውሃ የሚያስለው ሰው ወፍራም ነገር ይቀለው ይሆናል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ አጥሚታችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይጠጣ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት አይተኛ። ጡት ያለው የማጠጫ ኩባያ ቆንጆ ይመስላል፣ ግን ሰውየው አንገቱን ወደ ኋላ እንዲጥል ያደርገዋል፤ ውሃውም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ማንኪያ ይሻላል።

የሰባት ቀን የመድኃኒት ሣጥን ርካሽና ድንቅ ዕቃ ነው። ሲሞላ ግን ሰዓቱን እንመልከት። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የጻፈው የጠዋት 8 ሰዓት በእኛ 2 ሰዓት ነው። ደስ የሚለው ነገር በስዋሂሊም 2 ሰዓት ነው፤ «ሳ ምቢሊ» ትላለች ቤት የምትረዳን ልጅ፣ እንደ እኛው ከንጋት ጀምራ ቆጥራ። እናትና ሠራተኛ ሲስማሙ ወረቀቱ ለብቻው ይቀራል። ሣጥኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሥለን ገላገልናቸው።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ምንም ዋጋ የማያወጣው ግን የትኛው ነው ብትሉን፣ በካርቶን ላይ የጻፍነው የቃላት ዝርዝር ነው። እናቶቻችን ስዋሂሊ አያውቁም፤ ቀኑን ሙሉ አብራቸው የምትውለው ልጅ አማርኛ አታውቅም። እናት «አመመኝ» ስትል ልጅቱ ሻይ ታመጣለች። ስለዚህ በፊደላችን ጻፍነው፦ ማጂ፣ ውሃ። ቾ፣ ሽንት ቤት። ማኡሚቩ፣ ሕመም። ባሪዲ፣ ብርድ። ሃፓ፣ እዚህ። ፖሌፖሌ፣ ቀስ በይ። አልጋው ራስጌ ላይ ይሰቀላል፤ ከአጠገቡ አንዲት ቃጭል። «ፖሌፖሌ» የምትለዋን ቃል ስላገኙ አንዲት እናት እንዴት እንደተደሰቱ ብታዩ!

ሕመሙ የማይድን ሲሆንስ? ያኔም ዕቃም ሰውም አለ። ናይሮቢ ሆስፒስ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችንና ቤተሰባቸውን ይረዳል። ካምፓላ ያላችሁ አባላት ደግሞ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረቱትን ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ታውቁታላችሁ፤ በአፍ የሚጠጣ ሞርፊን በሽተኛው ቤት ድረስ እንዲደርስ የታገለ ተቋም ነው። ሐኪም ያዘዘውን የሕመም ማስታገሻ «ይለምድበታል» ብሎ ከሚሞት አባት መከልከል እኛ ቤት ታይቷል። ከእንግዲህ ባይታይ እንወዳለን።

አሁን የማትወዱትን እንናገር። ማኅበራችን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያዋጣው ገንዘብ የሚያኮራ ነው፤ በአንድ ሌሊት ይሞላል። ለዚህች ክፍል ግን አንድ የአየር ፍራሽ ለመግዛት አራት ወር ለመንን። ሟቹን በክብር ሸኝተን ሲመለስ ያስታመመችው ልጅ ወገቧን ይዛ ትቀራለች። ስለዚህ ኮሚቴያችን ከወርሃዊ መዋጮው ጥቂቱ ለዕቃ ቤቱ ተቆርጦ እንዲሰጥ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቅርቧል። የሚቃወሙ አባላት አሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም፣ የሬሳ ጉዳይ ቀጠሮ አይሰጥም ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንለው የሁለት ሰዓቱ ማገላበጥም ቀጠሮ አይሰጥም ነው። በጉባኤው ተገኝታችሁ ድምፅ ስጡ።

ሌላው ጥያቄያችን ጉልበት ነው። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ አስታማሚዋን ቢያስተኛት፣ ካልሆነም ገበያ ቢልካት። የጠያቂ መዝገባችን ላይ አዲስ ዓምድ ጨምረናል፦ «ምን ሠራ?» የሚል። ቅር እንዳትሉን።

ዕቃ ቤቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍት ነው። ዕቃው የሚወጣው በፊርማ ነው፤ ኪራይ የለውም፤ ሲመለስ ታጥቦ ነው። ሰው ሲያርፍ ቤተሰብ ዕቃውን ማየት እንደማይችል እናውቃለን፤ አትሸከሙት፣ ደውሉልንና ራሳችን መጥተን እንወስዳለን።

በመጨረሻም፣ ሰማያዊው ተሽከርካሪ ወንበር የግራ እግር ማሳረፊያው ሳይኖር ተመልሷል። ማን ቤት እንደቀረ አንጠይቅም። አልጋ ሥር ወይም መኪና ሻንጣ ውስጥ ፈልጉልንና በር ላይ አስቀምጡልን፤ የሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩን የሚጠብቅ ሰው አለ።